አሮጌው ሃይሉክስ ድሬ ላይ፦ ደጃችሁ ላይ የምትጠግኑት መኪና

ድሬዳዋ ውስጥ አሮጌ ፒክአፕ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ለምትሉ ነው ይህን የምጽፈው። የኔ መልስ አጭር ነው። ግዙ፤ ግን ራሳችሁ የምትነኩት ከሆነ ብቻ። ለጋራዥ ሰጥታችሁ ሲያልቅ ልትረከቡ ካሰባችሁ የዚህ መኪና ግማሽ ጥቅሙ አይደርሳችሁም።

የኔ ቶዮታ ሃይሉክስ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1988 እስከ 1997 ድረስ ሲመረት የነበረው አምስተኛው ትውልድ። ሞተሩ 3ኤል የሚባለው ነው። አራት ሲሊንደር፣ 2.8 ሊትር፣ ናፍታ። ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ጉልበቱም 90 ፈረስ ገደማ ነው። ስረከበው ስፖንዳው ተጨረማምቶ፣ ቀለሙን ፀሐይ በልቶት ነበር። አሁን ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ወዲያው ይነሳል፤ ለምን እንደሚነሳም አውቃለሁ። ይህን ማወቅ በምንም ዋጋ የሚገዛ ነገር አይደለም።

ይህን መኪና የሠሩት ሰዎች አንድ ቀን አንድ ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ እንደሚፈታው አስበው ነው የሠሩት። አብዛኛው ብሎን በ10፣ በ12፣ በ14 እና በ17 ቁጥር መፍቻ ቁልፍ ይፈታል። ለጎማው 21 ትጨምራላችሁ፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ጥሩ ክሪክ ካላችሁ ብዙውን ሥራ ጀመራችሁ ማለት ነው። ሞተሩ አንዴ ከተነሳ በኋላ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ፖምፓው (ናፍታውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው) ላይ ያለችው አንዲት ሽቦ ብቻ ናት። እሷ መብራት ካገኘች ናፍታ ያልፋል፤ ካጣች ሞተሩ ይጠፋል። በቃ። መኪናው መንገድ ላይ ድንገት ጠፍቶ እምቢ ካላችሁ መጀመሪያ እሷን እዩ።

የኋላውን ፍሬን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እኔን ከዚህ መኪና ጋር ያስተሳሰረኝ እሱ ነው። ታምቡሩ፣ የፍሬን ሸራውን የሚሸፍነው ክብ ብረት፣ ዝጎ ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። ብዙ ቦታ በመዶሻ ሲደበድቡት አይቻለሁ፤ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ቀረብ ብላችሁ ካያችሁ ግን ታምቡሩ ፊት ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በቀለምና በአቧራ ተደፍነዋል። በሽቦ ብሩሽ ጥረጓቸው። የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ፣ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ብሎን ሁለቱም ላይ አስገቡና በየተራ፣ ትንሽ ትንሽ አጥብቁ። ቀጭ ይላል። ከዚያ ታምቡሩ ያለ አንዲት ዱላ ወደ እጃችሁ ይመጣል። ፋብሪካው ለጠጋኙ አስቦ የተዋቸው ቀዳዳዎች ናቸው፤ ሳገኛቸው አንድ የማላውቀው ሰው ከሩቅ አገር የረዳኝ ያህል ነው የተሰማኝ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ውስጡ ያለውን ብናኝ በአፋችሁ እንዳትነፉት። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። በውሃ አርጥባችሁ በጨርቅ ጥረጉት።

ናፍታው ደግሞ ሌላ ደስታ አለው። ፊልትሮ ስትቀይሩ አየር ይገባል፤ አየር ከገባ ደግሞ አይነሳም። ፊልትሮው ራስ ላይ በእጅ የምትጫን ፓምፕ አለች። እስክትጠነክር ድረስ ትጫኗታላችሁ፤ መጀመሪያ ለስላሳ ናት፣ ቀስ በቀስ ትከብዳለች፣ መጨረሻ ላይ አልጫንም ትላለች። ብዙ ጊዜ ይህ ይበቃል። ካልበቃ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚሄዱትን ቀጫጭን ቱቦዎች ዳዶ ትንሽ አላልታችሁ አንድ ሰው ቁልፍ ያዙርላችሁ። አረፋ ይወጣል፣ ከዚያ ንጹሕ ናፍታ ጠብ ጠብ ይላል፣ ያኔ ታጠብቃላችሁ። አንዱ ሲሊንደር ይቀጣጠላል፣ ሞተሩ ያነክሳል፣ ሁለተኛው ይገባል፣ ሦስተኛው ይከተላል፣ አራተኛው ሲገባ ድምፁ ሁሉ ይስተካከላል። ታናሽ ወንድሜ ጋቢና ውስጥ ቁልፍ ሲያዞር እኔ ኮፋኖው ሥር ሆኜ አንድ በአንድ ሲገቡ መስማት... እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም፣ ሥራ ፈትታችሁ መጥታችሁ ብትሰሙት ደስ ይለኛል። ቱቦው ላይ ግን ጣታችሁን እንዳታስጠጉ፤ ግፊቱ ቆዳ በስቶ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው። ድሬ ላይ ይህን መኪና የሚገድለው ሙቀት ነው፤ ሙቀቱን የሚያብሰው ደግሞ ውሃው ነው። ውሃ ማፍያችሁን ከፍታችሁ ውስጡን እዩት። ግድግዳው ላይ የተጋገረው ነጭ ቅርፊት ራዲያተራችሁ ውስጥም አለ። ሰው ሁሉ ከቧንቧ በጆግ ቀድቶ ይሞላል፣ ከዚያ ሞተሩ ለምን ይሞቃል ይላል። አቦ፣ ቀጭኖቹ ቱቦዎች ተደፍነው ምን ያድርግ? 3ኤል ጠንካራ ሞተር ነው፣ ነገር ግን ከመጠን በላይ ከሞቀ ቴስታታው፣ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ብረት፣ ይሰነጠቃል። ቴስታታ ማለት ደግሞ ትልቅ ወጪ ነው። እኔ ራዲያተሩን አውርጄ የራዲያተር ባለሙያ ዘንድ ወሰድኩት። የራዲያተሩን የላይ ሽፋን በእሳት አላቆ ከፈተና ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በቀጭን ሽቦ ጠረጋቸው። የወጣው ቅርፊት እፍኝ ይሞላል። ከዚያ ወዲህ የምጠቀመው የተጣራ ውሃና ኩላንት ብቻ ነው፤ ዋጋው ከቴስታታ ጋር አይወዳደርም።

ክዳኑን ደግሞ ማንም ልብ አይለውም። የራዲያተሩ ክዳን ላይ 0.9 የሚል ቁጥር አለ። የሚይዘው ግፊት ነው። ከድሬ ተነስታችሁ የደንገጎን ዳገት ስትወጡ ከ1,200 ሜትር ግድም ወደ 2,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው የምትሄዱት። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ክዳኑ ደህና ግፊት ከያዘ መፍያው ወደ 20 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ይገፋል። ጎሚኒው የደረቀ ክዳን ከሆነ ግን ውሃው ጠመዝማዛው መሃል ላይ ይፈላና መንገድ ዳር ቆማችሁ እንፋሎት ታያላችሁ። ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ፣ ታህሳስ 19 ሲቃረብ፣ በዚያ ዳገት ኮፋኖ ከፍተው የቆሙትን ተመልከቱ። ብዙዎቹን አንዲት ርካሽ ክዳን ታድናቸው ነበር።

እኔ ዕቃ ጭኜ ደንገጎን በሁለተኛ ማርሽ እወጣለሁ። አይሱዙዎቹ ያልፉኛል፤ ይለፉ። የሙቀት መለኪያው መርፌ መሃል ላይ ቆሞ አይነቃነቅም። ያንን መርፌ እያየሁ መንዳት ለኔ ከፍጥነት ይበልጣል።

ሥራው የሚሠራው ጠዋት በማለዳ ነው። ግቢያችን ውስጥ የኒም ዛፍ አለ፣ ጥላው እስከ ረፋድ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ላይ የተረሳ ቁልፍ እጅ ያቃጥላል። ጎረቤታችን ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ከተማዋ ራሷ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ስለሆነች እንደሳቸው ብረት የሚያውቅ ሰው ድሬ ላይ ፈልጎ ማጣት ከባድ ነው። የኋላው ባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመው የተነባበረ ብረት) ብሎን አልፈታ ብሎኝ ስታገል አይተው መጡ። "አንተ ልጅ፣ ምን ያጣድፍሃል አቦ? ናፍታ ነክረህ አሳድረው፣ ጠዋት ይለቅልሃል" አሉኝ። "እሺ ጋሼ" ብዬ አሳደርኩት። ጠዋት ለቀቀ። ያረጁትን ጎሚኒዎች አውጥተን አዲስ ስናስገባ፣ የተበላውን ፒን ደግሞ ቶርኖ ቤት ወስደን ስናስቀርጽ አብረውኝ ነበሩ። አሁን መኪናው ጉድጓድ ሲገባ የነበረው ቋቋታ የለም። ጋሼም መኪናው በራቸው ላይ ሲያልፍ ሰምተው በእጃቸው ሰላም ይሉኛል።

መለዋወጫ ድሬ ላይ ይገኛል፣ ምክንያቱም ሃይሉክስ የሌለበት ሰፈር የለም። የጠፋውን አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ሰው ልካችሁ በአውቶቡስ ማስጫን ትችላላችሁ። ችግሩ ፎርጅዱ ነው። አንድ ሱቅ "ኦሪጅናል የጃፓን" ብሎ የሸጠልኝ የናፍታ ፊልትሮ መቀመጫው ላይ በደንብ አልገጥም ብሎ አየር ይስብ ነበር። ይዤ ስመለስ "የተገጠመ ዕቃ አንመልስም" አሉኝ። በጣም ነው ያናደደኝ፤ በዚያች ፊልትሮ ምክንያት አንድ ሰው ልጁን ይዞ በረሃ መሃል ሊቆም ይችላል። ስለዚህ አሮጌውን ዕቃ ሁልጊዜ ይዛችሁ ሂዱ። ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ጥርሱን፣ ክብደቱን፣ የጎሚኒውን ውፍረት አወዳድሩ። ደህና ነጋዴ በዚህ አይከፋም፤ እንዲያውም ራሱ ያሳያችኋል።

ጉድለቱን አልደብቅም። ይጮኻል። የኔው ማቀዝቀዣ የለውም፣ ግንቦት ላይ ቀትር ላይ ጋቢናው ውስጥ መቀመጥ ፈተና ነው። ኤርባግም የለውም፤ ልጆች ለምትጭኑ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አስቡበት። ዳገት ላይ ሲጫን ጭስ ያወጣል። ዋጋው ደግሞ ለዕድሜው ውድ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው አጥብቆ ይዟል።

ልትገዙ ከሄዳችሁ ሞተሩ ሳይሞቅ ድረሱ። ሻጩ አስነስቶ ከጠበቃችሁ፣ ቀዝቅዞ እያለ እንዲነሳ ሌላ ቀን ቀጥሩት። በቀዝቃዛው የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ፦ ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ወይም የሞተር ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ ተዉት፣ ቴስታታው ወይም ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ሄዷል። ስፖንዳው ሥር ገብታችሁ ሻሲውን በካቻቢቴ ጫፍ መታ መታ አድርጉት፤ በስቱኮና በቀለም የተሸፈነ ዝገት ድምፁ ይለያል። የታይሚንግ ችንጋው፣ የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ፣ መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። በየ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት፣ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ይጋጫሉ። ሻጩ እርግጠኛ ካልሆነ አልተቀየረም ብላችሁ ቁጠሩና ዋጋው ላይ ተደራደሩ። ስትቀይሩት ሦስቱም መዘውር ላይ ያሉትን ምልክቶች አገጣጥሙ፤ የማስነሻ ቁልፉን ከመንካታችሁ በፊት ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩትና ምልክቶቹ ተመልሰው መግጠማቸውን እዩ። እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር አካባቢ ያላችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩት ከሆነና ሁለተኛ ዓይን ከፈለጋችሁ ጻፉልኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከነመፍቻዬ እመጣለሁ።