ለጎሚስታ የትኛው ኮምፕሬሰር ይሻላል? ቀጥታው ወይስ ባለ ቺንጊያው?

በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ደወለልኝ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጎሚስታ ልከፍት ነው፤ የትኛውን ልግዛ?» ለእያንዳንዱ ከምደግም ልጻፈው ብዬ ነው።

የምሠራው ዓለም ገና፣ ጅማ መንገድ ዳር ነው። መልሴ አጭር ነው፦ ባለ ቺንጊያውን፣ ማለትም ሞተሩ ፓምፑን በቀበቶ የሚያዞርበትን ግዙ። ለአዲሱ ብር ካጠረ ያገለገለውን ግዙ።

እኔ የጀመርኩት ሞተሩና ፓምፑ በቀጥታ በተያያዙት፣ ባለ 50 ሊትሩ ነው። አዲስ፣ 19,500 ብር። ባለ 100 ሊትሩን ባለ ቺንጊያ ያኔ 46,000 ብለውኝ ነበር። ልዩነቱ 26,500 ብር! በዚያ ክሪክ እገዛለሁ፣ የቤት ኪራይ እከፍላለሁ ብዬ ደስ አለኝ።

3 ወር አልሞላውም። አንድ ጠዋት የአይሱዙ ጎማ ለጥፌ፣ ገጥሜ፣ ልነፋ ስል የግፊት መለኪያው ጌጅ 3 ባር ላይ ቀጥ አለ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መርፌዋ ንቅንቅ የለም። የጭነት ጎማ ደግሞ 6 ባር አካባቢ ይፈልጋል። ሾፌሩ ትንሽ ጠበቀ፣ ከዚያ ጎማውን እያንከባለለ ጎረቤቴ ጋ ሄደ። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አየር የሚያመልጥበትን መፈለግ የተማርኩት ያን ቀን ነው። ኦሞ በውሃ በጥብጬ በየመገጣጠሚያው ቀባሁ። ከታች የውሃ ማፍሰሻው ላይ ትንሽ አረፋ አበጠ። ቴፍሎን ጠቅልዬ አጠበቅኩት። ለውጥ የለም። ቀጥዬ መዳፌን ማጣሪያው ፊት ያዝኩ። መሳብ ብቻ ሲገባው፣ ስቦ መልሶ ትኩስ አየር እጄ ላይ ይተፋል። ቴስታታው (የፓምፑ ራስ) ሲፈታ አየር የምታስገባው ስስ የብረት ምላስ ለሁለት ተሰብራ ተገኘች። ምላጭ ነው የምታክለው።

መለወጫው ከጓርኒሲዮኑ (ከማሸጊያው) እና ከእጅ ዋጋው ጋር 3,200 ብር። ኮፒ ነበርና 6 ሳምንት ቆየ። እንደገና 3,200። ከዚያ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አለቀ፣ 4,500። በመጨረሻ አየር ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው ቫልቭ፣ 1,200። ደምሩት፤ 12,100 ብር ነው። በ19,500 የገዛሁት ዕቃ 31,600 ገባ።

ስለዚህ ቫልቭ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ይሸወድበታል። ሞተሩ ሲጠፋ አውቶማቲኩ (ሞተሩን በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋው) ስር ለአፍታ «ችስስ» ብሎ አየር መተንፈሱ ጤና ነው። ድምፁ ካላቆመና ጌጁ እየወረደ ከሆነ ግን አየሩ ከታንኩ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው። አውቶማቲኩን ለመግዛት አትሩጡ። መብራቱን ነቅላችሁ፣ ታንኩን ጨርሳችሁ አስተንፍሱና ቫልቩን ፍቱት። አንዳንዴ ጎሚኒዋ ላይ ቆሻሻ ተቀምጦ ነው፤ በጨርቅ ጠርጎ መመለስ ይበቃል። ለእኔ 1,200 ያስከፈለኝ ባለሙያ ይህን አልነገረኝም።

ባለ ቺንጊያውን የምወደው ፓምፑ ስለማይጣደፍ ነው። ቀጥታው ከሞተሩ እኩል በደቂቃ ወደ 2,800 ጊዜ ይዞራል። ባለ ቺንጊያው 1,000 አካባቢ ነው። ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ምላሱም ፋሻውም ይበረክታል። ሞተሩ ቢቃጠል ለብቻው ይጠቀለላል፤ ፓምፑ አይነካም።

ላዩ ላይ የተጻፈው «ሊትር በደቂቃ» ደግሞ አያታልላችሁ። ብዙ ጊዜ ፓምፑ የሚስበው ነው እንጂ ጎማው ጋ የሚደርሰው አይደለም። እኛ ያለንበት ከፍታ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ በሚጠጋ ስለሚሳሳ፣ እዚህ መሙላት ጊዜ ይወስዳል። ትንሹ ማሽን እረፍት አጥቶ የሚሞተው ለዚህም ነው።

ለባጃጅና ለቤት መኪና ብቻ ከሆነ ቀጥታው ይበቃል። ባለ ቺንጊያውም ችግር አለው፤ ይከብዳል፣ ማታ ማታ መብራት ሲደክም ለመነሳት ያቃስታል።

አሁን የምሠራበትን ያገለገለ በ34,000 ነው የገዛሁት። ዓመት ከመንፈቅ ሆነው፤ ያወጣሁበት የዘይትና የአንድ ቺንጊያ ብቻ ነው። ብር ዋጋው በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የአዲሱ ዋጋ አይጨበጥም፤ ያገለገለ ፈልጉ የምለው ለዚህ ነው።

ስትገዙ ግን 8 ባር አስሞሉት፣ አስጠፉት፣ መርፌዋን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ሻይ ጠጥታችሁ ከ20 ደቂቃ በኋላ ተመለሱና መርፌዋ ወርዳ እንደሆነ አስተያዩ። ከታች የውሃ ማፍሰሻውን አስከፍቱ፤ ብዙ ዝገት ከተፋ ተዉት። ታንኩ ላይ የብየዳ ጠጋኝ ካያችሁ በነጻም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ፤ ፈንድቶ ሰው ይገድላል። ሻጩ «አሁን መብራት የለም» ካለ፣ መብራት እስኪመጣ ብራችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ።