መስታወት ቢሬት፣ ዲጂታል ቢሬት ወይስ አውቶማቲክ ታይትሬተር፦ ብሩን የቱ ላይ እናውጣ?

ታይትሬሽን ማለት ጥንካሬው የታወቀ ፈሳሽ (ታይትራንት) ናሙና ላይ ጠብ ጠብ እያደረጉ ምላሹ እስኪያበቃ ስንት እንደፈጀ መለካት ነው፤ ቢሬት ፈሳሹን ለክቶ የሚለቀው ባለመስመር ቱቦ ሲሆን አውቶማቲክ ታይትሬተር ሥራውን ራሱ የሚሠራ ማሽን ነው። ላብራቶሪ የሚያቋቁም ሰው ሁሉ ደጋግሞ የሚያነሳት ጥያቄ አንዲት ናት፦ «አውቶማቲኩን እንግዛ ወይስ መስታወቱ ይበቃናል?» ጠያቂው የዘይት ፋብሪካም ይሁን የወተት ማቀነባበሪያ፣ የጨው አዮዲን መርማሪም ይሁን የከተማ ውሃ አገልግሎት፣ በቀን ከሃያ ናሙና በላይ የማይሠራና የታይትሬሽኑን ማብቂያ በቀለም ለውጥ የሚያይ ከሆነ መልሱ አጭር ነው። ጥሩ መስታወት ቢሬት ይግዛ፤ የተረፈውን ለሚዛንና ለስታንዳርድ (የታይትራንቱ ጥንካሬ ለሚረጋገጥበት ንጹህ ኬሚካል) ያውለው። አውቶማቲክ የግድ የሚሆንባቸው ሥራዎች አሉ፣ እንደርስባቸዋለን። ግን ሻጩ ከሚለው በጣም ያነሱ ናቸው።

ከዋጋው እንነሳ። የምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን ፕሮፎርማ ቶሎ ያረጃል፤ በዶላር ማሰቡ ይሻላል። የታወቀ ፋብሪካ የሠራው 50 ሚሊ ሊትር ክላስ ኤኤስ ቢሬት (የሚፈቀድለት ስህተት እንደ ክላስ ኤ፣ አለቃቀቁ ግን ፈጣን የሆነ) በውጭ ካታሎግ ከ60 እስከ 150 ዶላር አካባቢ ነው። ስም የለሹ ከ10 እስከ 25። ጠርሙስ አፍ ላይ የሚገጠመው ዲጂታል ቢሬት ከ1,000 እስከ 1,800 ይደርሳል። ስም ያለው አውቶማቲክ ታይትሬተር ከ6,000 አካባቢ ይጀምርና ናሙና ቀያሪ ሲታከልበት 20,000ን ያልፋል። ማጓጓዣና ቀረጥ ገና አልተነኩም።

አሁን በናሙና እናካፍለው። በቀን 15 ናሙና፣ በዓመት 250 የሥራ ቀን ቢሠራ በአምስት ዓመት 18,750 ናሙና ይሆናል። የ10,000 ዶላር ታይትሬተር በየዓመቱ ከሚለወጥ የ250 ዶላር ኤሌክትሮድ (ማብቂያውን በቀለም ሳይሆን በኤሌክትሪክ የሚያውቅ መለኪያ) ጋር 11,250 ዶላር ያስወጣል፤ ለአንድ ናሙና 60 የአሜሪካ ሳንቲም ማለት ነው። የ100 ዶላሩ መስታወት በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለቴ ተሰብሮ ቢተካ እንኳ ለአንድ ናሙና ሁለት ሳንቲም አይሞላም። አውቶማቲኩ ደግሞ እያንዳንዱን ናሙና ከእጅ ፈጥኖ አይጨርስም፤ ወደ ማብቂያው ሲጠጋ በጥቂት በጥቂቱ እየለቀቀ ኤሌክትሮዱ እስኪረጋጋ ይጠብቃል። የሚያተርፍላችሁ የሠራተኛ እጅ ነው። በቀን አርባና ሃምሳ ናሙና ላለው ላብራቶሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አሥር ናሙና ላለው ግን ኬሚስቱ አጠገቡ ቆሞ ስክሪን ያያል።

«ትክክለኝነቱስ?» የሚል ይመጣል። የ50 ሚሊ ሊትር ክላስ ኤ ቢሬት የሚፈቀድለት ስህተት 0.05 ሚሊ ሊትር ነው፣ የክላስ ቢ 0.1። 20 ሚሊ ሊትር ለሚፈጅ ታይትሬሽን 0.05 ማለት ሩብ ፐርሰንት ነው። ትልቁ ስህተት የሚመጣው ከዚህ ሳይሆን ከታይትራንቱ ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ይደክማል። በኢታኖል የተበጠበጠ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጠኑ በ0.1 ፐርሰንት ገደማ ይሰፋል። ጠዋት በብርድ ስታንዳርዳይዝ ተደርጎ (ጥንካሬው በስታንዳርድ ተለክቶ) ስምንት ዲግሪ በጨመረ ከሰዓት በዚያው ቁጥር ከተሠራበት ወደ አንድ ፐርሰንት የሚጠጋ ስህተት ገብቷል፤ ውድ ማሽን አራት አሃዝ ቢያትምም የሚያትመው ያንኑ ስህተት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብ 0.1 ሚሊ ግራም ለሚያነብ ሚዛንና ስታንዳርድ ለሚሆን አንድ ጠርሙስ ፖታሲየም ሃይድሮጅን ፍታሌት ይውጣ። ዱቄቱን በ120 ዲግሪ ሁለት ሰዓት አድርቁ፤ በዴሲኬተር (እርጥበት በማያስገባ ዕቃ) ውስጥ ሲበርድ 0.41 ግራም መዝኑ፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ 50 ሚሊ ሊትር ዲስትልድ ውሃ አሟሙና ፌኖልፍታሊን (ማብቂያውን በቀለም የሚያሳይ ኢንዲኬተር) ጠብ አድርጉ። 0.1 ሞላር (የጥንካሬ መለኪያ ነው) የሆነ ሃይድሮክሳይድ 20 ሚሊ ሊትር ገደማ መውሰድ አለበት። ሦስቴ ተሠርቶ ውጤቶቹ ከ0.2 ፐርሰንት በላይ ከተራራቁ ናሙና አትጀምሩ።

አሁን ብዙ ገንዘብ ወደሚባክንበት ነገር፣ ወደ ቢሬቱ መጠን። ለሁሉም ሥራ 50 ሚሊ ሊትር የሚገዛ ላብራቶሪ ሞልቷል። የአፍዴራን ጨው ውሰዱ። 10 ግራም ጨው በ50 ሚሊ ሊትር ውሃ ይሟሟል፣ ሰልፈሪክ አሲድና ፖታሲየም አዮዳይድ ይጨመርበታል፣ ጨለማ ውስጥ አሥር ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ በ0.005 ሞላር ሶዲየም ታዮሰልፌት ይታይተራል። ስታርቹ የሚገባው ቢጫው ሊጠፋ ሲል ነው፤ ቀድሞ ከገባ አዮዲኑን አጥብቆ ይይዝና ማብቂያው ይጓተታል። የወጣው ሚሊ ሊትር በ10.58 ሲባዛ በኪሎ ግራም ስንት ሚሊ ግራም አዮዲን እንዳለ ይሰጣል። 30 ሚሊ ግራም ያለው ጨው የሚፈጀው 2.8 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው! በ50 ሚሊ ሊትር ክላስ ቢ ቢሬት የ0.1 ስህተት አንድ ሙሉ ሚሊ ግራም ያዛባል። 0.02 ሚሊ ሊትር የሚፈቀድለት 10 ሚሊ ሊትር ክላስ ኤኤስ ቢሬት ያዛባው 0.2 ነው። ክላሳቸው አንድ ከሆነ የ10ሩና የ50ው ዋጋ ያን ያህል አይራራቅም።

የተጣራ ዘይትም እንዲሁ ነው። የአሲድ ቁጥሩ (ለአንድ ግራም ዘይት የሚያስፈልገው ሚሊ ግራም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ) 0.6 የሆነ 10 ግራም ዘይት 0.1 ሞላር ሃይድሮክሳይድ የሚወስደው 1.07 ሚሊ ሊትር ነው፤ ናሙናውን አብዙ ወይም ታይትራንቱን አቅጥኑ። ለወተት አሲድነትም (9 ሚሊ ሊትር ወተት፣ እያንዳንዷ 0.1 ሚሊ ሊትር 0.01 ፐርሰንት ላክቲክ አሲድ) የ10ሩ ይበቃል። ለውሃ ጥንካሬ በ0.01 ሞላር ኢዲቲኤ (ካልሲየምንና ማግኒዥየምን የሚይዝ ታይትራንት)፣ በ50 ሚሊ ሊትር ናሙና፣ አንድ ሚሊ ሊትር በሊትር 20 ሚሊ ግራም ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ 25 ሚሊ ሊትር ቢሬት ጥሩ ነው። የ50ውን ለማስተማሪያ ክፍል ተዉት።

ተመሳስሎ የተሠራ ቢሬት የሚታወቅባቸው ምልክቶች አሉ። እውነተኛው ላይ የ«ኤኤስ» ምልክቱ፣ የሚፈቀደው ስህተት፣ 20 ዲግሪ፣ «ኤክስ» የሚለው ምልክት (ልኩ የወጣው ፈሳሽ መሆኑን የሚናገር)ና የምርት ቁጥሩ ሁሉ መስታወቱ ላይ ታትመዋል። ቅጂው «ኤ» ብቻ ጽፎ ያልፋል። በአሴቶን የራሰ ጥጥ ወስዳችሁ መስመሮቹን ጠንከር አድርጋችሁ እሹ፤ ቀለም ከለቀቀ ከጥቂት ወር በኋላ የምታነቡት መስመር አይኖርም። ስቶፕኮኩ (ፈሳሹን የሚከፍተውና የሚዘጋው መዘውር) ቴፍሎን ነው ተብሎ ተራ ፕላስቲክ ሆኖ ይመጣል፤ ይህ በአልኮል ሲነካካ ይላላና ያፈስሳል። የመስታወት ስቶፕኮክ ያለውን ደግሞ ለሃይድሮክሳይድ በፍጹም አትግዙ፤ አንድ ቅዳሜና እሁድ ሳይታጠብ ካደረ ይጣበቅና ሲታገሉት ይሰበራል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ውሃ ሞልታችሁ ዜሮ ላይ አድርጉ፣ ጫፉን አድርቁ፣ ሃያ ደቂቃ ተዉት። ከግማሽ መስመር በላይ ከወረደ ይመለስ። ቀጥሎ 10 ሚሊ ሊትር ዲስትልድ ውሃ አውጥታችሁ መዝኑ፦ ውሃው 20 ዲግሪ ከሆነ 9.97 ግራም፣ 25 ዲግሪ ከሆነ 9.96 ግራም መምጣት አለበት። (የአዲስ አበባ ስስ አየር የሚነካው ከነጥብ በኋላ ያለውን ሦስተኛ አሃዝ ነው፤ ለቢሬት አያሳስብም።) መሃል ላይም ታች ላይም ድገሙት፤ ርካሹ ቱቦ ወርዱ አንድ ወጥ ስለማይሆን ላይ ያለፈው ታች ይወድቃል።

ትክክለኛ አጠቃቀም ሌላው ቢቀር ዓይንን ያድናል። ቢሬቱን ከማቆሚያው ዝቅ አድርጋችሁ፣ አፉ ከዓይን በታች ሆኖ፣ በፈነልና በመነጽር ሙሉት። ከወንበር ላይ ቆሞ አሲድ የሚሞላ ሰው ሲታይ ሥራው መቆም አለበት። መጀመሪያ በራሱ በታይትራንቱ አምስት አምስት ሚሊ ሊትር እያደረጋችሁ ሦስቴ አለቅልቁ። ጫፉ ላይ የተቀመጠችውን አረፋ ስቶፕኮኩን ባንዴ ከፍታችሁ አባርሩ፤ መሃል ላይ ብትወጣ እንደ ታይትራንት ትቆጠራለች። ፈነሉን አንሱ፣ አለበለዚያ ከንባብ በኋላ ጠብ ይላል። የሜኒስከሱን (የጎበጠውን የፈሳሹን ገጽ) ታች በዓይን ትክክል አንብቡ፤ ቀለሙ የደመቀ ፐርማንጋኔት ሲሆን ከላይኛው ጠርዝ። አንድ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ግማሽ ጠብታ ጫፉ ላይ አንጠልጥላችሁ በፍላስኩ ግድግዳ አንሱትና በዲስትልድ ውሃ እጠቡት። ኤኤስ ቢሬት ካሊብሬት የተደረገው 30 ሰከንድ መጠበቂያ ይዞ ነው፤ ከመጨረሻው ንባብ በፊት ያንን ጠብቁ።

ዲጂታል ቢሬት መጥፎ ዕቃ አይደለም። ንባቡ በስክሪን ስለሆነ የሜኒስከስ ክርክር የለም፣ ታይትራንቱ ከጠርሙሱ ስለሚመጣ መቅዳት ይቀራል፣ በባትሪ ስለሚሠራ መብራት ሲጠፋ አይቆምም። ጠላቱ ክሪስታል ነው። ሃይድሮክሳይድ ፒስተኑ ላይ ደርቆ ሲያድር ጠዋት በጉልበት የሚያንቀሳቅሰው ሰው መስታወቱን ይሰነጥቃል፤ የመለዋወጫው ዋጋ ብዙ ቢሬት ይገዛል። ዓርብ ማታ ባዶ አድርጋችሁ በዲስትልድ ውሃ እጠቡት፤ ለሃይድሮክሳይድ ጠርሙሱ አየር የሚስብበት ላይ የሶዳ ላይም (ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚይዝ) ቱቦ ግጠሙለት። ረጅም ጠባብ ጠርሙስ ላይ ከተገጠመ በቀላሉ ይገለበጣልና መያዣ ይኑረው። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የዶዚንግ ክፍሉ (ፈሳሹን ለክቶ የሚለቀው ክፍል) ላብራቶሪ ውስጥ ይፈታል? ብራንድ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ የሚሠራው ቲትሬት ለምሳሌ በተጠቃሚው ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ክፍሉም ይቀየራል። የማይፈታው በተጣበቀ ቁጥር ወደ ውጭ ይላካል፤ እሱን አትንኩ።

አውቶማቲኩ የግድ የሚሆነው መቼ ነው? የጠቆረ ወይም ያልተጣራ ዘይት የኢንዲኬተሩን ቀለም ሲሸፍን። ክሎራይድ በሲልቨር ናይትሬት በብዛት ሲሠራ። መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ፣ እያንዳንዱ ውጤት ማን መቼ እንደሠራው መመዝገብ ሲኖርበት። በቀን ከሰላሳ ናሙና በላይ ሲሆን። የካርል ፊሸር የእርጥበት ምርመራ ሌላ መሣሪያ ነው፤ በፒኤች ታይትሬተር ይሠራል ተብሎ የተገዛ ብዙ አለ፣ አይሠራም።

ከ500 እስከ 1,500 ዶላር የሚቀርበው «አውቶማቲክ» ግን የባሰ ወጥመድ ነው። ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያለው ተራ መስታወት ቢሬት ሲሆን የኤሌክትሪክ ቫልቭ የጎማ ቱቦ እየጨመቀ ይለቃል። የፒኤች ለውጡን ኩርባ አንብቦ ማብቂያውን አያገኝም፤ የተነገረው ፒኤች ላይ መቆም ብቻ ነው የሚችለው። ጎማው ሲደክም ሳይዘጋ ይቀርና ማብቂያውን ያልፋል፣ እናንተም የዘይቱ አሲድ ጨመረ ብላችሁ ታዝናላችሁ። በዚያ ገንዘብ አራት ጥሩ ቢሬት፣ ስታንዳርድና ማግኔቲክ ስተረር ይገዛል።

እውነተኛውን የምትገዙ ከሆነ የሚያስከፍላችሁ ኤሌክትሮዱ ነው። በ3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ይቀመጥ፤ ዲስትልድ ውሃ ውስጥ የሚያድር ኤሌክትሮድ ዕድሜው ያጥራል። ሲሠራ የመሙያው ቀዳዳ ይከፈት፣ የውስጡ ፈሳሽም ከናሙናው ከፍ ብሎ ይታይ። በ25 ዲግሪ ስሎፑ (ለፒኤች ለውጥ የሚሰጠው የቮልቴጅ ምላሽ) ለአንድ ፒኤች 59.2 ሚሊ ቮልት ነው፤ ከ95 ፐርሰንት በታች ከወረደ አጽዱት፣ ካልተመለሰ ይለወጥ። ለክሎራይድ ተራ ፒኤች ኤሌክትሮድ ብቻውን አይሆንም፤ የብር ኤሌክትሮድ ያስፈልጋል፣ የተለየ ሪፈረንስ (ማነጻጸሪያ) ኤሌክትሮድ ከተገጠመም የውጭው ፈሳሽ ፖታሲየም ናይትሬት ይሁን፣ አለበለዚያ ክሎራይዱ ከራሱ ኤሌክትሮድ ይፈስሳል። ሁልጊዜ ጠዋት ቱቦውን አፍስሳችሁ አረፋ አስወጡ፤ ይህን ስታዝዙት የቱቦው ጫፍ ቢከር ውስጥ መሆኑን እዩ፣ ማሽኑ አያይምና ጠረጴዛው ላይ ይረጨዋል። አልኮል ያለበት ታይትራንት አጠገብ ማሞቂያ አይኑር። ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ በዋጋው ውስጥ ቁጠሩት።

ጨረታ ስታወጡ «አውቶማቲክ ታይትሬተር፣ አንድ» ብላችሁ አትተዉት፤ ርካሹ ያሸንፋል። የሚለኩትን ነገሮች፣ የኤሌክትሮዱን ዓይነትና ሁለት መጠባበቂያ፣ ተራ ቢኤንሲ ሶኬት (የራሱ ብቻ ሶኬት ያለው ለዕድሜ ልክ ከአንድ ሻጭ ያስራችኋል)፣ መጠባበቂያ የዶዚንግ ሲሊንደርና ፒስተን፣ በቦታው ተከላና ሥልጠና፣ አገር ውስጥ ያለ ጠጋኝ ስም፣ ሁሉም በጨረታው ዝርዝር ውስጥ ይግቡ። ለመስታወቱ ደግሞ «10 ወይም 25 ሚሊ ሊትር፣ አይኤስኦ 385፣ ክላስ ኤኤስ፣ የቴፍሎን ስቶፕኮክ፣ የምርት ቁጥር የታተመበት» ብላችሁ ጻፉ (አይኤስኦ 385 የቢሬት ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው)፤ ሲደርስ የሃያ ደቂቃው ፈተናና ሚዛኑ ሳይሠሩ የርክክብ ሰነድ አትፈርሙ።