ለግቢ አጥር፦ ቅንጭብ ወይስ ቁልቋል?

ሁለቱም ድርቅ ይችላሉ፤ ከብትም እምብዛም አይነካቸውም።

ቅንጭብ ቶሎ ይደርሳል። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቅርንጫፍ እየቆረጡ በ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት መትከል ነው። እሾህ ስለሌለው ግን የሚከልለው ዓይንን እንጂ ሌባን አይደለም። ካልተከረከመ ከሥሩ ይራቆትና ዛፍ ይሆናል። ውርጭም ጫፉን ያጠቁረዋል።

ቁልቋል እሾሃም ነው፤ ብርዱንም ከቅንጭብ ይልቅ ይችላል፤ በትግራይና በጎንደር አጥር የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዕድገቱ ዝግ ያለ ነው። 50 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ በግማሽ ሜትር ርቀት ይበቃል። ግንብ ሥር ግን አይተከል፤ ሲቆይ ወደ 10 ሜትር ሊደርስ ይችላል።

ቁራጩ የሚበሰብሰው አብዛኛውን ጊዜ ቁስሉ ሳይደርቅ አፈር ስለሚገባ ነው። ቅንጭብ አንድ ሳምንት፣ ወፍራሙ ቁልቋል ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ጥላ ውስጥ ይድረቅ። መሬቱ መረሬ (ውሃ የሚይዝ ጥቁር አፈር) ከሆነ መደቡን ከፍ አድርጎ አሸዋ መቀላቀል፣ ዝናቡ ሲቀንስ መስከረም ላይ መትከል፣ ሥር እስኪይዝ ውሃ መቆጠብ።

የሁለቱም ወተት ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ይጎዳል። ጓንትና መነጽር ግድ ነው። ዓይን ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ አጥቦ ወዲያው ሐኪም ዘንድ መሄድ። ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ ሁለቱም ባይተከሉ ይሻላል።