የጠፋ ፋይል ለማስመለስ ሬኩቫ፣ ፎቶሬክ ወይስ ጥገና ቤት?

የመመረቂያ ጽሑፉን ከአሮጌው ላፕቶፕ ወደ አዲሱ አዛውሮ ፎልደሩን ባዶ ያገኘ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» ብሎ ነው። ደብረ ማርቆስም ሆነ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ሞጣ ጥያቄው ያው ነው። ምርጫውን የሚወስነው ግን ፋይሉ የጠፋበት መንገድ ነው። ብር ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ ይህን እወቁ፦ በማዛወርና በባክአፕ ጊዜ ጠፋ ከሚባለው ብዙው ጨርሶ አልጠፋም።

ዋናው ምሳሌ የፍላሽ ቫይረስ ነው። ጽሕፈት ቤት ፕሪንት ለማስደረግ የሰጣችሁት ፍላሽ ሲመለስ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ይገኛሉ። ፋይሎቹ እዚያው አሉ፤ ቫይረሱ ደብቋቸዋል። ሾርትከቱን ሳትነኩ ፍላሹን በአንቲቫይረስ አስፈትሹ፤ ከዚያ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ። አሁንም ካልታዩ በፎልደር ኦፕሽን ውስጥ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክት አንሱ። ለዚህ «ሪከቨሪ» ተብሎ ብዙ ብር ከተጠየቃችሁ አትክፈሉ። ሁለተኛው ምሳሌ ዋንድራይቭ የሚባለው የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማስቀመጫ ነው፤ ባክአፑ ሲበራ ዴስክቶፕና ዶክመንትስ ወደ ራሱ ፎልደር ይዛወራሉ፣ ባክአፑን ስታጠፉት ደግሞ ፋይሎቹ እዚያው ሊቀሩ ይችላሉ። ፋይል ከት አድርጋችሁ (ቆርጣችሁ) እያዛወራችሁ ሳለ መብራት ቢጠፋም አትደንግጡ፤ ዊንዶውስ ከአንድ ድራይቭ ወደ ሌላ ሲያዛውር መጀመሪያ ኮፒ አድርጎ ነው የሚያጠፋው፣ ስለዚህ ያልተጠናቀቀው የድሮው ቦታ ላይ ይፈለግ።

በእርግጥ ተሰርዞ ከሆነ በዚያ ዲስክ ላይ ምንም አትጻፉ። ዊንዶውስ ሲሰርዝ ብዙውን ጊዜ ፋይሉ የት እንዳለ የሚያሳየውን መዝገብ ብቻ ነው የሚያነሣው፤ ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ይቆያል። ማስመለሻውን ሶፍትዌር እዚያው ዲስክ ላይ መጫን የምትፈልጉትን ፋይል በገዛ እጅ ማጥፋት ነው። ፍላሽ ላይ የተሰረዘ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገባምና እዚያ ስትፈልጉ ጊዜ አትፍጁ።

ሬኩቫ የሚባለው የማስመለሻ ሶፍትዌር ለዊንዶውስ ብቻ ነው፤ ነጻው ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ሳይጫን ከሌላ ፍላሽ ላይ የሚሠራ ቅጂም አለው። ፋይሉን ብዙ ጊዜ ከነስሙና ከነቦታው ያሳያል፣ አጠገቡም የቀለም ነጥብ ያስቀምጣል፤ አረንጓዴው ተስፋ አለው፣ ቀዩ አለቀለት። ትናንት ወይም ዛሬ ለተሰረዘ የዎርድ ፋይል ከሁሉ በፊት እሱን እሞክራለሁ።

ፎርማት ለተደረገ ሚሞሪ ካርድ ግን ፎቶሬክን አስቀድማለሁ። ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው፤ በሊኑክስም በማክም ይሠራል። የዲስኩን መዝገብ ትቶ የፋይሉን ዓይነት ከይዘቱ ስለሚለይ መዝገቡ የተበላሸበትን እንኳ ያወጣል። ዋጋው ሌላ ነው፦ ስም የለም። ምዕራፍ ሁለት፣ የመጨረሻው፣ የመጨረሻው የመጨረሻ ብላችሁ የሰየማችሁት ሁሉ በቁጥር ተሰይሞ፣ ከመቶዎች ፋይሎች ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል፤ አንድ በአንድ መክፈት ነው። ለፎቶ ቤቶች ይህ ብዙም አያስጨንቅም፤ የሠርግ ፎቶ የተነሣበትን ቀን ብዙውን ጊዜ በውስጡ ይዟል። ረጅም ቪዲዮ ግን ዲስኩ ላይ ተበጣጥሶ ከተቀመጠ ተሰባብሮ ይወጣል፣ አብዝታችሁ አትጠብቁ። «ፎርማት ይደረግ?» እያለ ለሚጠይቅ ሃርድ ዲስክ ደግሞ እሺ አትበሉ፤ ከፎቶሬክ ጋር አብሮ የሚወርደው ቴስትዲስክ የጠፋውን ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ሊመልስ ይችላል። እሱ ግን የሚጽፍበትን ለማያውቅ ሰው አይሆንም።

ማይክሮሶፍት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የማስመለሻ ፕሮግራምም ነጻ ነው፤ ሆኖም ትዕዛዝ በጥቁር መስኮት መጻፍ ይጠይቃል። ከዚያ ጋር የማትግባቡ ከሆነ ዝለሉት።

የሚከፈልባቸውስ? እንደ ኢዝአስ ያሉት መልካቸው ያማረ ነው፤ የሚገኘውን ነገር ሳትከፍሉ ያሳያችኋል፣ ነጻው ግን እስከ 2 ጊጋባይት ብቻ ነው የሚመልሰው። ለአንድ መመረቂያ ጽሑፍ ይተርፋል፤ ለሠርግ ቪዲዮ አይበቃም። ክፍያው በዶላርና በዓለም አቀፍ ካርድ መሆኑ ደግሞ ለእኛ ሌላ ጣጣ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ሰው በፍላሽ የሚዘዋወረውን ክራክ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ የተሰበረ ቅጂ) የሚጠቀመው፤ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል እኔ አልመክርም።

ጥገና ቤት የሚያስፈልገው ዲስኩ የመንኳኳት ድምፅ ሲያሰማ፣ ጭራሽ ሳይታይ ሲቀር ወይም ከእጅ ሲወድቅ ነው። የሚንኳኳን ዲስክ ደጋግሞ መሰካት ይጎዳዋል። ባለሙያውን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የሚሠራው በዋናው ዲስክ ላይ ነው ወይስ ቀድቶ በቅጂው ላይ? ክፍያውስ ፋይሉ ተከፍቶ ከታየ በኋላ ነው? ሁለቱንም በደንብ ካልመለሰ ወደ ባሕር ዳር መውሰዱ ይሻላል። «ዲስኩን ከፍተን እንይ» ካለ ግን ወዲያው ይዛችሁት ውጡ፤ አቧራ የማይገባበት ንጹሕ ክፍል ከሌለ ውስጡ አይከፈትም።

አዲሱ ላፕቶፕ ማስቀመጫው ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ዲስክ የሌለው) ከሆነ ነገሩ ይከፋል። ትሪም የተባለው አሠራር የተሰረዘውን ቦታ ብዙም ሳይቆይ ስለሚያጸዳ ሬኩቫም ሆነ የሚከፈልበት ሶፍትዌር ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። እዚያ ላይ ብር ከምታፈሱ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግዙ። ጎግል ድራይቭ 15 ጊጋባይት በነጻ ይሰጣል፤ ሆኖም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን በአማራ ለወራት ተቋርጦ ስለነበር እሱን ብቻ መታመን አይቻልም።

ስትገዙም «2 ቴራባይት» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ፍላሽ አያታልላችሁ። ውስጡ ትንሽ ሆኖ ኮምፒውተሩን የሚያታልል ነው፤ ከእውነተኛው መጠን ያለፈውን የጻፋችሁበት ሁሉ ሳይቀመጥ ይቀራል፣ ያንን የሚመልስ ሶፍትዌር የለም። ኤች2ቴስትደብሊው (H2testw) የሚባል ነጻ ፕሮግራም ፍላሹን ሞልቶ መልሶ እያነበበ ይፈትሻል። ሌሊቱን ሊፈጅ ስለሚችል፣ «ካልሠራ እመልሳለሁ» ብላችሁ ከሻጩ ጋር ተስማምታችሁ ግዙ፤ ምንም ሳትጭኑበትም ሞክሩት።