የተሰነጠቀ ባምፐርና ራዲያተር፦ የሙቅ አየር መበየጃ ወይስ ብሎን?

ለጋራዥ የሚሸጠው ባለ 1600 ዋት የሙቅ አየር ፕላስቲክ መበየጃ ለባምፐር ሁነኛ ዕቃ ነው፤ ብሎንና ሪቬትን ያስንቃል። ወደ ራዲያተር ፕላስቲክ ግን ባታስጠጉት ይሻላል። የፕላስቲኩን ዓይነት መለያው ከተሰነጠቀው ክፍል ጀርባ የታተመው ጽሑፍ ነው።

አብዛኛው ባምፐር ፒፒ (ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ) ኢፒዲኤም ከሚባል ጎማ ጋር ተደባልቆ የተሠራ ነው። ቲ20 የሚል ካለው 20 በመቶ ታልክ (የድንጋይ ዱቄት) ገብቶበታል። ፒፒን ውሃ ላይ በማንሳፈፍ መለየት እዚህ ላይ ያሳስታል፤ ታልኩ ሊያሰምጠው ይችላል። ስንጥቁን ለመሙላት ከሚቀልጠው የፕላስቲክ ዘንግ ትንሽ አቅልጣችሁ ከባምፐሩ ጀርባ ለጥፉ፣ ሲበርድ በፒንሳ ሳቡት። ከተላቀቀ ዘንጉ ከባምፐሩ ጋር አንድ ዓይነት ፕላስቲክ አይደለም።

የስንጥቁን ጫፍ በ3 ሚሊሜትር ፑንታ ብሱ፤ ካልተበሳ ስንጥቁ ብየዳውን አልፎ ይሄዳል። ከዚያ እስከ ውፍረቱ ሁለት ሦስተኛ ድረስ በቪ ቅርጽ ቦርቡሩት። አየሩ 300 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። በዘንጉ ግራና ቀኝ ቀጭን የቀለጠ ጠርዝ ከወጣ ይዟል። ከጨሰ ተቃጥሏል። ዘንጉ እንደ ክር ተመዝዞ ከተነሳ ሙቀቱ አልደረሰውም።

እኛ አገር ሥራውን የሚያበላሸው መብራቱ ነው። 220 ቮልት ወደ 180 ሲወርድ 1600 ዋቱ 1070 ገደማ ይሆናል፤ ጉልበቱ የሚቀንሰው በቮልቱ ካሬ ነውና። ስለዚህ የአየሩን ሙቀት ራሱ እየለካ የሚያስተካክለውን ግዙ፤ ማዞሪያ ቁልፍ ብቻ ያለው ቁጥሩ ሳይለወጥ ይቀዘቅዛል።

ብሎን የሚያስፈልገው ተመልሶ ለሚፈታ ቦታ ነው፣ ለምሳሌ ለመብራት ማሰሪያ። ፒፒ በሙቀት ከብረት ብዙ እጥፍ ስለሚለጠጥ፣ ከደጀን ብርድ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርድ መኪና ላይ ጥብቅ ክብ ቀዳዳ ስንጥቅ ይወልዳል። ቀዳዳው ሞላላ፣ ሮንዴላው ሰፊ ይሁን፤ ከጠርዙም ቢያንስ የቀዳዳውን ስፋት ሦስት እጥፍ ይራቅ።

የራዲያተሩ ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ ፒኤ66 ጂኤፍ30 የሚባል ናይሎን ነው፤ 30 በመቶው የፋይበርግላስ ቃጫ ነው። ቃጫው ብየዳውን አይሻገርም፣ ስለዚህ ስፌቱን የሚይዘው ፕላስቲኩ ብቻ ነው። የጠጣው ውሃም ሲሞቅ አረፋ ይሠራል። መኪናው ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ ሙቀቱና ግፊቱ ሲበረታ ስፌቱ ይከፈታል። በብሎን መያዝማ ቃጫውን በስቶ ሌላ የውሃ መውጫ መክፈት ነው። ፕላስቲኩን ከነጎማው ቀይሩት፤ ፕላስቲኩን አቅፈው የያዙትን የአሉሚኒየም ጥርሶች ፕላስቲኩ እስኪወጣ ያህል ብቻ አንሱ፣ ደጋግመው ከታጠፉ ይሰበራሉ።