የመቄት የእግር ጉዞ ማረፊያዎች፦ በአንድ ሌሊት ስድስት እንግዳ

በሰሜን ወሎ፣ በመቄት ገደል አፋፍና በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ዙሪያ፣ የየቀበሌው ገበሬዎች የሚያስተዳድሯቸው የእግር ጉዞ ማረፊያዎች አሉ፤ ተስፋ በሚባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ የተጀመሩ ናቸው። እንግዳው ከጎጆ ወደ ጎጆ በእግሩ ይሄዳል፣ ጓዙን የጭነት ከብት ይሸከምለታል። አንድ ማረፊያ በአንድ ሌሊት ከስድስት እንግዳ በላይ አያሳድርም። ብዙ ሰው ይህን ገደብ እንደ ችግር ያነሳዋል። በእኛ ግምት ግን የአገልግሎቱ ትልቁ ብልሃት እሱ ነው።

የበር ትኬት ስንት ሰው እንደገባ ይቆጥራል እንጂ የገባው ሰው የት እንደሚከማች አያውቅም። ላሊበላን በገና ሰሞን ያየ ሰው ይህን አያጣውም፤ ሁሉም ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ይቆማል። አልጋ ሲቆጠር ግን ውሃው፣ ማገዶውና ሽንት ቤቱም አብረው ይቆጠራሉ። ደጋ ላይ ደግሞ ቶሎ የሚያልቀው ማገዶው ነው።

ቦታ ስትይዙ ሌሊቶቹ እንደ ሰንሰለት መሆናቸውን አትርሱ፤ አንዱ ቀን ከዘገየ ቀጣዩ ማረፊያ በሌላ ቡድን ተይዞ ይቆያችኋል። አሥር ሰው ከሆናችሁ ለሁለት ተከፈሉና አንዱ ቡድን በአንድ ቀን ዘግይቶ ይነሳ። ከመንገዱ ሁለት ጫፍ በአንድ ቀን መነሳት ያዋጣል የሚሉ አሉ፤ ማረፊያዎቹ ሦስት ከሆኑ ግን ሁለተኛው ሌሊት ላይ መካከለኛው ጎጆ ውስጥ አሥራችሁም ትገናኛላችሁ። ጾም የምትጾሙ ከሆነ ቦታ ስትይዙ ተናገሩ፣ ገበያው ሩቅ ነው። የሌሊቱ ብርድ ቀልድ አይደለም፤ ወፍራም ልብስና የእጅ ባትሪ ያዙ። ክረምቱን ተዉት፣ ጭቃው አያስኬድም።

ጉድለቱ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው አቡነ ዮሴፍ ላይ ይታያል። ገደቡ የሚያድረውን እንጂ ውሎ የሚመለሰውን አይይዝም። እዚያ ቀይ ቀበሮ አለ፤ በዓለም ላይ የቀረው ለአካለ መጠን የደረሰ ቀይ ቀበሮ በመቶዎች የሚቆጠር ብቻ ነው። ቡችሎቹ በአብዛኛው የሚወለዱት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ሲሆን የእግረኛውም ወቅት ያው ነው። ጉድጓዱ አጠገብ ሰው ሲበዛ እናቲቱ ቡችሎቿን ወደ ሌላ ጉድጓድ ልታዛውር ትችላለች። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቁጥር ይዞ መቆየት አይበቃም፤ በእነዚህ ወራት ወደ ጓሳው፣ ወደ ተራራው የሣር ሜዳ፣ የሚወጣው የቀን ተጓዥም ቁጥር ሊወሰንለት፣ ጉድጓድ ያለበት አቅጣጫም ሊዘጋ ይገባል። ውሻ ከኋላ ተከትሎ እንዳይወጣ መመለስ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም፤ ቀበሮውን በብዛት የሚፈጀው ከውሻ የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ለጭላዳ ዝንጀሮ ዳቦ መወርወር የሚወድ እንግዳም አይጠፋም። የጭላዳ ምግብ ሣር ነው፤ የሰው እህል ከለመደ ነገ የሚወርደው ገብስ ማሳ ላይ ነው፣ ዕዳውም የገበሬው ይሆናል።

ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑንና ማረፊያው ክፍት መሆኑን ላሊበላ ካሉ አስጎብኚዎች በስልክ አጣሩ።