ሮቶው ሲሞላ የሚነግረኝ ዶንግል

የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። እኛ ሰፈር ውሃ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። እማዬ ጆሮዋ ቧንቧው ላይ ሆኖ ነበር የምታድረው። ቧንቧው ማፏጨት ሲጀምር ትነሳለች፤ ሞተሩን አብርታ ሮቶው እስኪሞላ ቁጭ ትላለች። እንቅልፍ ያሸነፋት ቀን ውሃው ሞልቶ ግቢውን ያጥለቀልቀዋል። ስንት ቀን የጠበቁት ውሃ በቦይ ሲሄድ ማየት ያንገበግባል።

ስማርት ቤት ወደሚባለው ነገር ያስገባኝ ይሄ ሮቶ ነው። ራስበሪ ፓይ 4 የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ የቤት ዕቃዎችን የሚያዝ ሆም አሲስታንት የሚባል ፕሮግራም ጫንኩ። ሮቶው ሲሞላ ውሃ የሚወርድበት ቱቦ ሥር ሴንሰር አስቀመጥኩ። ሴንሰሩን ውሃ ሲነካው እማዬ ክፍል ያለው ደወል ይጮኻል። ቀስ በቀስ የግቢው በር፣ የፍሪጁ ሙቀት፣ የሰርቪስ ክፍሎቹ መብራት ተጨመሩ። አሁን 27 ዕቃ አለ። ሁሉም የሚነጋገሩት ዚግቢ በሚባል፣ ኃይል በሚቆጥብ ገመድ አልባ ግንኙነት ነው። የሁሉም አለቃ ደግሞ ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ፣ አውራ ጣት የምታክል ዶንግል ናት። እስካሁን ሦስት ዶንግል ይዣለሁ። ጣና ዳር የእንግዳ ማረፊያ ያለው ወዳጄ «የቱን ልግዛ?» ብሎ ስለጠየቀኝ ያየሁትን ልጻፍ።

መጀመሪያ አንድ ነገር። በዚግቢ ኔትወርክ ውስጥ በኮረንቲ የሚሠራ ዕቃ፣ ለምሳሌ ስማርት ሶኬት (በፕሮግራም የሚበራና የሚጠፋ መሰኪያ)፣ ብዙውን ጊዜ የሌላውን መልእክት ተቀብሎ ያሳልፋል። በባትሪ የሚሠራ ሴንሰር ግን የራሱን ብቻ ተናግሮ ይተኛል። አንዲት ክብ ባትሪ ዓመት አልፋ የምትቆየው ለዚህ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ መብራት ሲጠፋ እንመለስበታለን።

የመጀመሪያዋ ዶንግሌ ሲሲ2531 የሚባለው ቺፕ ያላት ነበረች። ርካሽ ናት። ሽፋን የላትም፤ አንቴናዋም ቦርዱ ላይ የታተመ መስመር ነው። ለስድስት ሰባት ዕቃ ጥሩ አገለገለችኝ። ችግሩ ቺፑ አሮጌ ነው፤ ማስታወሻው ትንሽ ነው፤ በቀጥታ የሚይዘው 20 ዕቃ አካባቢ ብቻ ነው። ዕቃው ሲበዛ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣ ጀመር። አንድ ጠዋት እማዬ እግሯ ጭቃ በጭቃ ሆኖ በሩ ላይ ቆማ «ልጄ፣ ያ ዕቃህ ዛሬም አልነቃም እኮ» አለችኝ። በዚያው ቀን ሌላ ለመፈለግ ወጣሁ። ዛሬ አዲስ የሚጀምር ሰው ይህቺን ቢተዋት እመክራለሁ።

የፈለግሁት ሶኖፍ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራውን ዶንግል ፕላስ ነበር። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። እኔ ስገዛ ዶንግል ፕላስ ሁለት ዓይነት ነበር፤ ሁለቱም ጥቁር የብረት ሽፋንና ረጅም አንቴና ስላላቸው በመልክ ይመሳሰላሉ። ልዩነቱ ከሞዴሉ ስም መጨረሻ ያለችው ፊደል ናት። «ፒ» የሚለው ውስጥ ሲሲ2652ፒ ቺፕ አለ። «ኢ» የሚለው ውስጥ ያለው ኢኤፍአር32ኤምጂ21 ነው። እኔ «ፒ» ብዬ ጠይቄ «ኢ» ተሰጠኝ። ሻጩ «አንድ ናቸው ወንድሜ፣ ስሙ ነው እንጂ» አለኝ። አንድ አይደሉም። ዚግቢቱኤምኪውቲቲ የሚባለውን፣ ዶንግሏን ከሆም አሲስታንት ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም ለሚጠቀም ሰው፣ በማስተካከያው ላይ የዶንግሏ ዓይነት ለ«ፒ» ዚስታክ፣ ለ«ኢ» ኤምበር ተብሎ መጻፍ አለበት። ከተሳሳተ ፕሮግራሙ ዶንግሏን ማናገር አይችልም። እኔ ሁለት ምሽት ያለቀብኝ በዚህ ነው። ሳትከፍሉ በፊት ካርቶኑን አንብቡ፤ ዶንግሏንም አውጥታችሁ እዩ።

በኋላ «ፒ»ዋ ከዱባይ በሰው መጣችልኝ። እነሆ ዓመት አለፋት፤ አለቃ አድርጌ የያዝኩት እሷን ነው። 27ቱን ዕቃ ስትይዝ ተጨናንቃ አላየኋትም። ደግሞ የኔትወርኩን ቅጂ ፋይል ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ዶንግሏ አንድ ቀን ብትቃጠል፣ በተመሳሳይ ዶንግል ላይ ቅጂውን መልሶ መቀጠል ነው። ኮረንቲው ከፍ ዝቅ በሚልበት ቤት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። 27 ዕቃ እንደገና አንድ በአንድ ማገናኘት ምን ማለት እንደሆነ አይቼዋለሁ፤ ጣሪያ ሥር በመሰላል የሚደረስበትም አለው።

ስለ ጉልበቷ የሚወራውን ግን ብዙ አትመኑ። እስከ 20 ዲቢኤም (የሲግናል ጉልበት መለኪያ ነው) መላክ ትችላለች ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ዶንግሏ ጮኻ ብትናገር ሴንሰሩ በሹክሹክታ ነው የሚመልሰው። የኛ ቤት ግድግዳ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ማድ ቤቱ ደግሞ ዙሪያውን ቆርቆሮ። ያንን ያሻገረልኝ የዶንግሏ ጉልበት ሳይሆን መሀል ላይ የሰካሁት ስማርት ሶኬት ነው።

ከየትኛውም ዶንግል ጋር አብሮ መገዛት ያለበት የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ነው። ፓዩ ላይ ያሉት ሰማያዊ ቀዳዳዎች ዩኤስቢ 3 ናቸው። እዚያ ዲስክ ተሰክቶ ሲሠራ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ አካባቢ ረብሻ ያወጣል፤ ዚግቢም የሚሠራው እዚያው ላይ ነው። እኔ ዶንግሏን ከዲስኩ ጎን ሰክቼ የግቢው በር ሴንሰር በየሰዓቱ ይጠፋ ነበር። ወደ ጥቁሩ ቀዳዳ አዛውሬ፣ በአንድ ሜትር ተኩል ገመድ ግድግዳው ላይ ከፍ አድርጌ ሰቀልኳት። ከዚያ ወዲህ በሩ አልጠፋም።

ዚግቢው የሚነጋገርበትን ቻናል፣ ማለትም የሞገድ መስመር፣ ዕቃ ማገናኘት ሳትጀምሩ ወስኑ። የኔ ዋይፋይ ቻናል 1 ላይ ነው፤ የዚግቢ 11 ቁጥሩ ቢለያይም እዚያው ሞገድ ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ ዚግቢውን 25 ላይ አደረግሁት። ኋላ ልቀይር ካላችሁ አንዳንዱ ዕቃ አይከተልም።

አሁን ወደ መብራቱ። መብራት ሲጠፋ ፓዩ በዩፒኤስ (በመጠባበቂያ ባትሪ) ይቆያል፤ ዶንግሏም አብራው። ስማርት ሶኬቶቹ ግን ይሞታሉ። በነሱ በኩል ሲያልፍ የነበረው ሴንሰር መንገዱን ያጣል። ባትሪው ሙሉ ነው፣ የሚሰማው ግን የለም። ሮቶው ሥር ያለው ሴንሰር እንዲህ ሆኖ ነበር፤ ሞተሩ እየሠራ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሴንሰሩ ሳይመለስ ይቀራል።

መፍትሔው የተገኘው በስህተት ከተሸጠችልኝ «ኢ» ነው። የዚግቢ ዶንግል ሶፍትዌሯ ተቀይሮ መልእክት አቀባይ ብቻ ልትሆን ትችላለች። ያኔ ኮምፒውተር አያስፈልጋትም፤ የስልክ ቻርጀር ይበቃታል። መጀመሪያ ፓወር ባንክ ላይ ሰካኋት። ዶንግሏ የምትወስደው ኃይል በጣም ትንሽ ስለሆነ ፓወር ባንኩ ምንም የተሰካ አልመሰለውም፣ ራሱን አጠፋ። አሁን ዩኤስቢ ካለው የሶላር መብራት ባትሪ ላይ ናት፤ ማድ ቤቱና ሮቶው መሀል በረንዳው ጣሪያ ሥር። ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ አደረ፤ ሴንሰሩ ሌሊቱን ሙሉ መልስ ሲሰጥ ነበር። ኢንተርኔትም አልነበረም። ሁሉ ነገር ቤት ውስጥ ስለሚያልቅ አያስፈልገውም። እማዬ አሁን ሮቶው እስኪሞላ ቁጭ ብላ አትጠብቅም፤ ከዚህ ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው እሱ ነው።

ለወዳጄ ያልኩት «ፒ»ዋን ለአለቃነት፣ «ኢ»ዋን ወይም ሌላ «ፒ» ለአቀባይነት፣ ከሁለት ገመድ ጋር ነው። የሱ ቤት ግን ከኔ ይለያል። ክፍሎቹ በዛፎች መሀል ተበታትነው እስከ ውሃው ዳር ይወርዳሉ፤ ክረምት ላይ እርጥብ ቅጠል ሲግናሉን ይበላዋል። ቅዳሜ ሁለቱን ዶንግልና ላፕቶፔን ይዤ እሄዳለሁ። ከእንግዳ መቀበያው ጀምሬ እስከ መጨረሻው ክፍል እየተራመድኩ እለካለሁ። ከዚያ በፊት የሚገዛ ነገር እንዳይኖር ነግሬዋለሁ።